ቆርቆሮ የተመታበት ቅያስ

አንድ ሰኞ ጠዋት እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ለኪዳን ስትወጣ ቅያሱ ተዘግቶ አገኘችው። በአንድ ሌሊት ቋሚ እንጨት ተተክሎ ቆርቆሮ ተመትቶበታል። መጀመሪያ የመሰላት ለቅሶ ነው። ድንኳን ሊጣል ነው ብላ ጎረቤት ቀሰቀሰች። የሞተ ሰው ግን አልነበረም።

ነገሩ የሆነው በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ነው። ቦታው አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። እስኪቋጭ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ደብዳቤውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ቢሮ ለቢሮ የምዞረውም እኔ ነበርኩ። ስለዚህ የማውቀውን በሙሉ ላስቀምጠው። መሀል ከተማ ውስጥ እንዲህ ዓይነት መንገድ ያላቸው ሰፈሮች ብዙ ናቸው። እኛ ተደናብረን የተማርነውን እነሱ ቀድመው ቢያውቁት ይሻላል።

ቅያሱ ምን ይመስል ነበር? ስፋቱ ሬሳ ሳጥን የተሸከሙ ሰዎች ግራና ቀኝ ሆነው የሚያልፉበት ያህል ነው። መኪና አይገባበትም። ከላይ ከአስፋልቱ ይጀምርና በቤቶች መካከል ይወርዳል። መሀል ላይ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ታችኛው ኮብልስቶን ይወጣል። ሌላኛው ጥቂት እርምጃ ሄዶ ይሞታል። ድሮ እዚያ ጫፍ ላይ የቀበሌ የጋራ ሽንት ቤት ነበረ። ሽንት ቤቱ ፈረሰ፣ አጠገቡ ያለው የድንጋይ ግንብ ተናደ። ከዚያ ወዲህ ቆሻሻ መጣያ ሆኖ ቀረ። ማታ ማታ በዚያ በኩል ለማለፍ ያስፈራል።

እነዚህን ሁለት ክፍሎች ያዙልኝ። አንዱ የሚኬድበት መንገድ ነው፣ ሌላው የሞተ ጫፍ። የክርክሩ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ቆርቆሮውን ያስመታው የጎረቤታችን ሕንፃ ባለቤት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ይህን ገና ከመጀመሪያው መናገር አለብኝ። የእድራችን አባል ነው። የአባቱን ቤት አፍርሶ ፎቅ ሠራ። ፎቁ ከወሰኑ ጋር ተጣብቆ ስለቆመ በዚያ ጎን መስኮት ማውጣት አልቻለም። መኪና የሚያቆምበት ቦታም የለውም። ከጎኑ ደግሞ ቆሻሻ የሚጣልበት መሬት አለ። በሱ ቦታ ሆኜ ሳየው ጥያቄው ይገባኛል።

እማዬ በዚያው ቀን በሩ ድረስ ሄደች።

«እትዬ፣ እኔ መንገድ አልዘጋሁም። ቆሻሻ ነው የዘጋሁት» አላት።

«ልጄ፣ ቆሻሻውን ብትዘጋልን እንመርቅህ ነበር። እኛንም አብረህ ዘጋኸን እኮ» አለችው።

እሱም ወረቀት አሳያት። ለሚመለከተው ቢሮ ያስገባው ማመልከቻ ነበር። «ከይዞታዬ ጋር የሚዋሰን፣ ምንም አገልግሎት የማይሰጥ ክፍት ቦታ» ይላል። የሞተውም ጫፍ፣ የሚኬድበትም መንገድ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተጠቃለዋል። ማመልከቻው ላይ የገቢ ማህተም አለበት። መልስ ግን ገና አልተሰጠውም። ቆርቆሮው ከመልሱ ቀድሞ መጣ።

እኔ ያኔ የማስበው ነገሩ ቀላል ነው ብዬ ነው። መንገድ መንገድ ነው፣ ቢሮው ካርታውን አይቶ «አይሆንም» ይላል። ሄድኩ። ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ ሰፈራችንን አወጣልኝ። ቤታችን አለ። የባለሕንፃው ይዞታ አለ። ቅያሱ የለም።

እንዴት ይጠፋል? ባለሙያው ጥሩ ሰው ነበር፣ አስቀምጦ አስረዳኝ። ካርታው የተሠራው ከአየር ላይ በተነሳ ፎቶ ነው። በእኛ ቅያስ ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች የቆርቆሮ ጣሪያቸው ተጠጋግቶ፣ አንዳንድ ቦታ ተደራርቧል። ከላይ ሲታይ አንድ ወጥ ጣሪያ ነው። ከሥሩ ሰው ሲመላለስ የሚውልበት መንገድ እንዳለ ፎቶው አያውቅም። ከላይ በደንብ የሚታየው የሞተው ጫፍ ብቻ ነበር፣ ጣሪያ ስለሌለው። እሱ ደግሞ ባዶ መሬት ነው። ስለዚህ ፋይሉ ውስጥ ሰው የሚሄድበት ክፍል የለም፣ ሰው የማይሄድበት ክፍል «ክፍት ቦታ» ተብሎ ቁጭ ብሏል።

ለምን በመንገድነት እንዳልተመዘገበ ለማወቅ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ጋሼ፣ ማለት የእድራችን አንጋፋ ሰው፣ እንዳጫወቱኝ ከሆነ ይህ ሁሉ ቤት ድሮ የአንድ ሰው ግቢ ነበር። ባለግቢው የሚያከራያቸው ሰርቪስ ቤቶች ነበሩት። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ወጣ። ትርፍ ቤቶቹ የመንግሥት ሆኑ፣ ቆይተውም የቀበሌ ቤት ተባሉ። በግቢው ውስጥ ወደ ሰርቪሶቹ የሚያስገባው መተላለፊያ የዚያን ጊዜ የሁሉም ሰው መንገድ ሆነ። ማንም መሐንዲስ አልቀየሰውም። እግር ነው የቀየሰው። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ የተወለዱ መንገዶች ስንት ናቸው! በፕላን ላይ ስማቸው የለም። በሰው አፍ ግን አላቸው፤ በእገሌ በር፣ በቧንቧው ጋ፣ በወፍጮ ቤቱ በኩል።

እንግዲህ ሕጉ ምን ይላል? እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ግን አንድ ጠበቃ ዘመድ አለኝ። እሱ ያሳየኝ ነገር ጉልበት ሰጠኝ።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መንገድን በተለየ ሁኔታ ነው የሚያየው። ቁጥር 1446 መንገዶችንና ጎዳናዎችን ለሕዝብ ጥቅም ከዋሉት የመንግሥት ንብረቶች መካከል ይቆጥራቸዋል። ቁጥር 1454 ደግሞ እንዲህ ያለው ንብረት ከሕዝብ አገልግሎት መውጣቱ በቅድሚያ ካልተገለጸ በቀር ለሌላ ሰው ሊተላለፍ አይችልም ይላል። ቁጥር 1455 ይቀጥላል፤ በይዞታ ብዛት፣ ማለትም ለረጅም ዘመን በመያዝ፣ የግል ሊሆን አይችልም። ዘመዴ ሁለተኛውን ደጋግሞ አነበበልኝ። «ተመልከት፣ ሁለት እርምጃ ነው ያለው። መጀመሪያ መንገድነቱ ይቀራል። ከዚያ ነው ለማን ይሰጥ የሚባለው።»

ከዚህ በላይ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ እንደሆነ፣ መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ይደነግጋል። ስለዚህ በእኛ አገር ከተማው የማያስፈልገውን የመንገድ ቁራጭ ለጎረቤት «ሸጠ» የሚባል ነገር የለም። የሚሰጠው የመጠቀም መብት ነው፣ ያውም በሊዝ። ያኔ በሥራ ላይ የነበረው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 ነው። በዚህ አዋጅ መሬት የሚተላለፈው በጨረታ ወይም በምደባ፣ ማለትም ያለ ጨረታ በመስጠት፣ ነበር። ለአዲስ አበባ የሊዝ ዘመኑ ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ለንግድ 60 ዓመት ነበር። ቅድመ ክፍያው ከጠቅላላው ዋጋ 10 በመቶ ማነስ አልነበረበትም። ብቻዋን ቤት የማትወጣ ቁራጭ መሬት ግን ማን ይጫረትባታል? ባለሙያው እንደነገረን፣ እንዲህ ያለችው ቁራጭ ከፕላኑ ጋር ካልተጋጨች በሊዝ ዋጋ ከአዋሳኙ ይዞታ ጋር የምትቀላቀልበት አሠራር አለ።

እዚህ ላይ አንድ ሚስጥር ተገለጠልን። የባለሕንፃው መሬት ነባር ይዞታ ነው። ከአባቱ የመጣ፣ በዓመት ትንሽ የቦታ ኪራይ የሚከፈልበት። ነባር ይዞታ ከሊዝ መሬት ጋር ሲቀላቀል ሙሉው ወደ ሊዝ ይገባል አለን ባለሙያው። ትንሿን ቁራጭ ፈልጎ ትልቁን ግቢ ሊዝ ውስጥ ማስገባት ማለት ነው። ከዚህ ለመዳን ሌላ በር አለ፤ የካርታ ማስተካከያ። «ቦታው ድሮም የእኔ ነበር፣ ሲለካ ተሳስቶ ነው የቀረው» ማለት። ካርታ ይታረማል፣ ሊዝ የሚባል ነገር አይነሳም። ቆርቆሮው ለምን በሌሊት እንደተመታ የገባኝ ያኔ ነው። አጥር ካለ፣ ሰርቬየር ሲመጣ አጥሩን ነው የሚለካው።

በእኔ እምነት የጉዳዩ ትልቁ ጥፋት ይሄ ነው። የግለሰቡ ስግብግብነት አይደለም። ቀጥተኛው መንገድ ውድና ረጅም፣ አቋራጩ ርካሽና ፈጣን ሆኖ መዘጋጀቱ ነው። ሰው በአቋራጩ ቢሄድ ምን ይገርማል?

ምን እናድርግ ተባለ። እሁድ ከሰዓት እድሩ ተሰበሰበ። አንዳንዱ «ቆርቆሮውን እንንቀል» አለ። አንዳንዱ ደግሞ ከባለሕንፃው ጎን ቆመ። «እዚያ ቆሻሻ ውስጥ ልጆቻችን ከሚታመሙ እሱ ይያዘው» ያሉ እናቶች ነበሩ፤ እውነት አላቸው። ጋሼ እስኪያበቁ ጠበቁና አንድ ነገር ጠየቁ። «ቧንቧው በየት ነው የሚያልፈው?»

ሁሉም ዝም አለ። የታችኞቹ ቤቶች ውሃ የሚመጣው በቅያሱ ሥር ነው። ቆጣሪዎቹ ከላይ አስፋልቱ ዳር ናቸው። ከዚያ እያንዳንዱ ቤት የራሱን መስመር እስከ በሩ ስቧል። ቅያሱ ወደ ግል ግቢ ቢገባ ቧንቧ የፈነዳ ቀን ማን ያስቆፍራል? በር የሚያንኳኳው የት ነው? «እሱ ይያዘው» ያሉትም እናቶች እዚህ ላይ ሐሳባቸውን ለወጡ።

ቀጥሎ ማስረጃ መሰብሰብ ጀመርን። መንገዱ «አገልግሎት አይሰጥም» ስለተባለ፣ እንደሚሰጥ ማሳየት ነበረብን። እኔ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከ12 ሰዓት ጀምሮ በርጩማ ይዤ ተቀመጥኩ። ቆርቆሮው ሥር አንድ ሰው የሚሾልክበት ክፍተት ልጆቹ ከፍተው ነበር። በዚያ የሚያልፈውን በደብተር ላይ በሰረዝ መዘገብኩ። ገጹ ከገመትኩት በጣም ቀድሞ ሞላ። እንጀራ በመሶብ የያዘች፣ ጀሪካን የተሸከመ፣ ደብተር ያነገበ ተማሪ፣ ወደ ጸሎት የሚሄዱ አሮጊት። ሁሉም ጎንበስ ብለው ነው የሚያልፉት። አሮጊቷ ጎንበስ ሲሉ ሳይ ደብተሬን አጥፌ ተነሳሁ።

የረዳን ግን የኔ ሰረዝ አልነበረም። የእድሩ መዝገብ ነው። እድራችን ለቅሶ በደረሰ ቁጥር ድንኳን የት እንደተጣለ፣ ስንት ወንበር እንደወጣ፣ ማን እንደተረከበ ይጽፋል። ጸሐፊው መዝገቡን አገላበጠ። «ድንኳን፦ ቅያሱ አፍ ላይ።» «ድንኳን፦ ቅያሱ አፍ ላይ።» ዓመት በዓመት። የቤቶቹ ግቢ ጠባብ ነው፣ ድንኳን አይችልም። ሬሳ የሚወጣውም በዚያ ነው፣ ለቀስተኛ የሚቀመጠውም በዚያ ነው። በኅዳር ሲታጠን የሰፈሩ ቆሻሻ ተጠርጎ የሚጨሰውም እዚያው ነው። የመዝገቡን ገጾች ፎቶ ኮፒ አድርገን ከደብዳቤው ጋር አያያዝን።

ቢሮው ደብዳቤያችንን ተቀበለ። ከዚያ ብዙ ወራት ምንም አልተሰማም። «ነገ ተመለስ»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ፋይሉ ወደ ሌላ ክፍል ሄዷል»። ይህን አላስረዝመውም፣ አንባቢ ያውቀዋል።

በዚያ መሀል የሌላ አገር አሠራር አነበብኩ። አሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ ከተማ አንድን የመንገድ ክፍል ትቶ ለአዋሳኞቹ የሚለቅበት የታወቀ ሥርዓት አለ። እዚያ መሬት የግል ስለሆነ ውጤቱ ከእኛ ይለያል። ቅደም ተከተሉ ግን ዓይኔን ገለጠው። መንገዱን ከሚያዋስኑት ባለንብረቶች ሁለት ሦስተኛው ፈርመው ማመልከት ይችላሉ። ምክር ቤቱ ሕዝብ የሚሰማበትን ቀን ይቆርጣል፤ ቀኑ ቀጠሮውን ከወሰነበት ዕለት ከ20 ቀን ያላነሰ፣ ከ60 ቀን ያልበለጠ ነው። ማስታወቂያው በከተማው ሦስት ሰው የሚበዛባቸው ቦታዎች ላይ ይለጠፋል። በተጨማሪም ሊለቀቅ የታሰበው መንገድ ራሱ ላይ፣ በሚታይ ቦታ ይለጠፋል። ከተማው መንገዱን ሲለቅ ለውሃና ለመሳሰሉት መስመሮች የማለፍ መብቱን ማስቀረት ይችላል። መንገዱ 25 ዓመትና ከዚያ በላይ የሕዝብ ሆኖ ከቆየ ሙሉ የግምት ዋጋውን ማስከፈል ይችላል። ከገንዘቡ ግማሹ ለሕዝብ ክፍት ቦታ ወይም ለመንገድ ሥራ መዋል አለበት።

እምቢ ማለትም አለ። በሲያትል ከተማ ባለሀብቶች ትልቅ የስፖርት አዳራሽ ሊሠሩ የአንድ ጎዳና ክፍል እንዲለቀቅላቸው ጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 ምክር ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ ከለከለ። በአንድ ድምፅ! ያን ያህል ገንዘብ ያለው ሰው በግልጽ አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ተከለከለ። እኔን የገረመኝ መከልከሉ አይደለም። ማን ምን ብሎ ድምፅ እንደሰጠ መታወቁ ነው።

መንገዱ ራሱ ላይ ማስታወቂያ መለጠፍ ስንት ብር ይፈጃል? አንድ ወረቀትና ትንሽ ሙጫ። እኛ ዘንድ ይሄ ብቻ ተደርጎ ቢሆን ኖሮ እማዬ ወሬውን ከቆርቆሮ አትሰማም ነበር። ሁለተኛ ደብዳቤያችን ላይ ይህን ጥያቄ ጨመርኩ።

በመጨረሻ ሰርቬየር ይዘው መጡ። ከፕላን ክፍል አንድ፣ ከይዞታ ክፍል አንድ፣ ከወረዳ አንድ ሰው። በእግራቸው ገቡ። የፕላኗ ባለሙያ፣ ወጣት ሴት ናት፣ ከላይ እስከ ታች ሄደች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። ቀና ብላ ጣሪያዎቹን አየች። «ለካ ከላይ ተሸፍኖ ነው!» አለች። ጋሼ ቧንቧው የሚያልፍበትን በከዘራቸው እየነኩ አሳዩዋት። ባለሕንፃውም ነበረ። የዚያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ሁላችንም አንድ ቦታ ቆመን ያወራነው። ያን ሁሉ ወር በፋይል ስንነጋገር ቆይተን፣ ፊት ለፊት አንድ ሰዓት አልፈጀብንም።

ውሳኔው ማመልከቻው የደባለቀውን ለየው። የሚኬድበት ክፍል የእግረኛ መንገድ ሆኖ እንዲቀጥልና በካርታ ላይ እንዲሰፍር ተባለ። ቆርቆሮው ይነሣ ተባለ። የሞተው ጫፍ ግን ለሕዝብ መንገድነት እንደማያስፈልግ ተመዘገበና በሊዝ ለባለሕንፃው ተፈቀደ። የካርታ ማስተካከያ ጥያቄው ወደቀ። በሞተው ጫፍ ዳር በሚያልፈው አንድ የውሃ መስመር ላይ ምንም እንዳይሠራም ታዘዘ።

አንዳንድ ጎረቤቶቼ ለሱ መሰጠቱ አበሳጫቸው። «ሕገ ወጥ አጥር አጥሮ ተሸለመ» አሉ። እኔ አልስማማም። ያ ቁራጭ ለማናችንም አይጠቅምም ነበር። አሁን ግንቡ ተሠርቷል፣ ቆሻሻው የለም፣ ማታ መብራት አለ። ዋጋውንም በሊዝ እየከፈለ ነው። ከተማ የማይጠቀምበትን መሬት ይዞ አይጥ ከሚያረባበት ለሚያለማው ቢሰጥ ጥሩ ነው። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። አጥር ቀድሞ ውሳኔ መከተሉ ነው። ለቀደመው አጥር ምንም ቅጣት ሲጣል አለማየታችን ነው። የሊዙ ገንዘብ ከሰፈሩ ተነሥቶ ሄዶ፣ ለቅያሱ አንድ ሜትር ኮብልስቶን እንኳ አለመመለሱ ነው። እስካሁን ክረምት ሲመጣ ጭቃ ነው።

ባለሕንፃው ቆርቆሮውን ራሱ ነቀለ። በማግሥቱ እማዬ ቡና ጠራችው፣ መጣ። ስለ ቅያሱ አንድም ቃል ሳይነሣ ሦስተኛው ድረስ ጠጥተው ተለያዩ።

የሳይት ፕላኑ ኮፒ እድሩ ሣጥን ውስጥ ነው። «የእግረኛ መንገድ» የሚል በትንንሽ ፊደል ተጽፎበታል። ግን ነገ ሌላ የአየር ፎቶ ቢነሣ ቅያሱ አሁንም አይታይም። ስለዚህ ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ጎረቤቶች ከጣሪያቸው ጠርዝ አንድ አንድ ክንድ ለመቁረጥ በእድሩ ፊት ተስማምተዋል። የአንዱ ተቆርጧል። የሌላኛዋ ዝናብ ወደ ቤቷ እንዳይገባባት አሸንዳ እስኪገዛላት እየጠበቀች ነው፤ እድሩም ገንዘብ እያዋጣ ነው።